ለጌም ግራፊክስ ካርድ እስከ ስንት ብር ማውጣት ተገቢ ነው?

የካ_ተጫዋች (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት 90 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ ማዋል ተገቢ መሆን አለመሆኑን መወሰን ስላቃተኝ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ያለኝ ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ታወር ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8500፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ ላይ 260 ዋት የሚል ተጽፎበታል። ሞኒተሬ ባለ 24 ኢንች፣ 1080ፒ፣ 60 ኸርዝ ነው። በአብዛኛው የምጫወተው ኢንተርኔት የማይፈልጉትን ባለታሪክ ጌሞች ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የእግር ኳስ ጌም እንጫወታለን፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ካውንተር ስትራይክ 2 በኦንላይን እሞክራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከሜሪላንድ ስለሚመጣ አንድ ካርድ ገዝቶ ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ነው። እዚህ ደግሞ አንድ ሻጭ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ በጣም ባነሰ ዋጋ አቅርቦልኛል። ጓደኞቼ በሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሾቹ ያለህን በሙሉ አውጥተህ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱን ግዛ ሲሉኝ፣ ግማሾቹ ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከ30 ሺህ ብር በላይ ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው ይሉኛል። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ጣሪያውን የት ላይ ታስቀምጡ ነበር?

ጥገና_ቤት (አዲስ አበባ)

ጥያቄዎን ሳነብ በመጀመሪያ ዓይኔ የገባው 90 ሺህ ብሩ ሳይሆን 260 ዋቱ ነው። እዚህ አገር ካርድ ገዝተው ወደ እኛ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ስለ ካርዱ ሁሉንም ነገር አጥንተው ስለሚሰካበት ኮምፒውተር ግን ምንም ሳይጠይቁ ስለሚገዙ፣ ያወጡት ገንዘብ ግማሹ ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። ስለዚህ ዋጋውን ከመወሰንዎ በፊት ኮምፒውተርዎ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል እንይ።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያ በራሱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል ያስፈልገዋል፤ የእርስዎ የዴል ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ኬብል የለውም። ከሃርድ ዲስክ መስመር ወስዶ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር በየሱቁ ይገኛል፤ ነገር ግን መስመሩ ለዚያ ዓይነት ጭነት ያልተሠራ ስለሆነ እኔ ለማንም አልገጥምም። ፓወር ሰፕላዩን በሙሉ ልቀይረው ቢሉም ዴል በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚጠቀምበት ሶኬት ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ በመሆኑ መቀየሪያ ኬብል መፈለግ ይኖርብዎታል፤ የሳጥኑ ስፋትና የብሎኖቹ ቦታም ከገበያው ዕቃ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን እንዳለ ትተው ካርድ ብቻ ለመጨመር ካሰቡ ምርጫዎ ከ75 ዋት በታች በሆኑት ላይ ይወሰናል። ከእነዚህ መካከል ዛሬ ትርጉም ያለው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው፤ 70 ዋት ብቻ ይወስዳል፣ ተጨማሪ ኬብል አይፈልግም። ሲገዙ ግን ስሙን ብቻ አይመልከቱ፤ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ሌላ ካርድ ነው ማለት ይቻላል፤ 130 ዋት ይወስዳል፣ ኬብልም ይፈልጋል። አርኤክስ 6400 የሚባለውን ደግሞ በዋጋው ተማርከው እንዳይወስዱ። ያ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ሲሆን፣ የእርስዎ ማሽን ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛው ትውልድ ስለሆነ 4 ጊጋባይት ሜሞሪው በሞላ ቁጥር ጌሙ መንተፋተፍ ይጀምራል። ጂቲኤክስ 1650ም ያለ ኬብል የሚሠራበት ዓይነት አለው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ዛሬ አዲስ መግዛት አልመክርም።

በዚህ መንገድ ከሄዱ ጣሪያዎ 30 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጡት እያንዳንዱ ብር ኮምፒውተሩ ሊቀበለው የማይችል ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ስለ ኃይሉ ትክክል ነው፤ ስለ ጣሪያው ግን አልስማማም። ምክንያቴን ከዋጋው ልጀምር።

አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሲወጣ ዋጋው ከ170 እስከ 180 ዶላር ነበር። በ2025 ሰኔ ላይ የወጣው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ደግሞ ባለ 8 ጊጋባይቱ 299፣ ባለ 16 ጊጋባይቱ 349 ዶላር ተብሎ ነው የታወጀው። ጓደኞችዎ የጠቀሱት አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ በሚያዝያ 2025 በ429 ዶላር ወጣ። በእነዚህ ላይ የሜሪላንድን 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨምሩና አንድን ዶላር በ150 ብር ያስሉት፦ የመጀመሪያው 28 ሺህ፣ ባለ 16 ጊጋባይቱ 9060 ኤክስቲ 55 ሺህ 500፣ 5060 ቲአዩ ደግሞ 68 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ይህ በታወጀው ዋጋ ሲሰላ ነው፤ ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ ስለሆነ ብዙ ሜሞሪ ያላቸው ካርዶች ከዚያ በላይ ሊጠሩ እንደሚችሉ የአክስትዎ ልጅ አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ጥያቄው ከ28 ሺህ ወደ 55 ሺህ ሲሻገሩ ምን ያገኛሉ የሚለው ነው። ከሁለቱ ካርዶች አንዱ ዕጥፍ ዋጋ ሲኖረው አቅሙ ግን ከዕጥፍ በላይ ነው፤ ሜሞሪው ከ6 ወደ 16 ጊጋባይት ያድጋል። ከ55 ወደ 68 ሺህ ሲሻገሩ ግን የሚገኘው ጭማሪ በ1080ፒ ሞኒተር ላይ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ነው። እዚህ ያሉ ሰዎች በሁለት ካርዶች መካከል ያለውን 50 ዶላር እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው «ትንሽ ጨምረህ የተሻለውን ውሰድ» ይላሉ፤ ለእርስዎ ያ ትንሽ ጭማሪ 7 ሺህ 500 ብር ነው። የውጭዎቹን የግምገማ ቪዲዮዎች ሲያዩ ይህን ልዩነት አይርሱ። ብር በገበያ እንዲተመን የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የ299 ዶላር ካርድ ከታክስ በፊት 17 ሺህ ብር ይመጣ ነበር፤ ዛሬ 45 ሺህ ነው። «የ300 ዶላር ካርድ የመካከለኛ ተጫዋች ካርድ ነው» የሚለው አባባል በእኛ አገር ኪስ ሲለካ እውነትነቱ ቀርቷል።

ያም ሆኖ የእኔ ሐሳብ ባለ 16 ጊጋባይቱን 9060 ኤክስቲ ይግዙና ቀሪውን ገንዘብ ለአንድ ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ካስፈለገም ለሳጥን ያቆዩት የሚል ነው። ካርዱ 160 ዋት ይወስዳል። ከ5060 ቲአይ የምመርጠው ለዋጋው ብቻ አይደለም፤ 5060 ቲአይ ስምንት መስመር ብቻ ሲጠቀም 9060 ኤክስቲ አሥራ ስድስቱንም ስለሚጠቀም እንደ እርስዎ ባለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የሚቀንሰው አቅም ያነሰ ነው። ኮምፒውተሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቀየር ካርዱ ወደ አዲሱ ይዛወራል። አርቲኤክስ 3050ን ግን ያን ጊዜ ማንም ደስ ብሎት አይወስድልዎትም።

የኢንቴሉን አርክ ቢ580 በ249 ዶላር ከ12 ጊጋባይት ጋር አይተው እንዳይጓጉ። ያ ካርድ በደንብ የሚሠራው ሪሳይዘብል ባር የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገው ነገር በማዘርቦርዱ ላይ ሲኖር ነው፤ ኢንቴል ራሱ ከአሥረኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው የሚመክረው፤ የእርስዎ ስምንተኛው ነው።

ጌም_ቤት_ባለቤት (አዳማ)

ሁለታችሁም ስለ ካርዱ ስትነጋገሩ ሞኒተሩን ረሳችሁት። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። ካርዱ 140 ፍሬም ቢያወጣም ጠያቂያችን የሚያየው 60 ነው፤ የእጁ ምላሽ በጥቂቱ ሊፈጥን ይችላል፣ የሚታየው ምስል ግን ያው ነው። በቤታችን ባለኝ ልምድ ለእግር ኳስ ጌም በ1080ፒ 60 ፍሬም ለመያዝ ትልቅ ካርድ አያስፈልግም፤ 3050ው ሰቲንጉን መጠነኛ አድርጎ ይበቃዋል።

ካውንተር ስትራይክን በተመለከተ ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ሰርቨር የሚሄደው ምልልስ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። ያንን የትኛውም ካርድ አያሳጥረውም። ደንበኞቼ «ላግ» የሚሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ምስሉ የሚንተፋተፈው ከካርድ ወይም ከፕሮሰሰር ሲሆን፣ የተኮሱት ጥይት ዘግይቶ የሚመታው ከኢንተርኔት ነው። ሁለተኛውን ለማዳን ካርድ የገዛ ሰው ገንዘቡን አያገኝም።

የካ_ተጫዋች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ፕሮሰሰሬ አይ5-8500 ነው፤ 9060 ኤክስቲን ብገዛ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ አይጎትተውም ወይ? ደግሞስ «ፍሬም ጀነሬሽን» የሚባለው ነገር ይህን ክፍተት ይሞላል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሻጩ ስላቀረበልኝ አርኤክስ 580ም አስተያየት ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ስለሚያንስ ሙሉ በሙሉ ልተወው አልቻልኩም።

ጥገና_ቤት

ከመጨረሻው ልጀምርልዎ። አርኤክስ 580 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ካርድ ነው፤ 185 ዋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳን አሁን ባለዎት ፓወር ሰፕላይ አይሠራም። ከዚህ በተጨማሪ በገበያው ላይ ያሉ ብዙዎቹ 580ዎች «2048ኤስፒ» የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ለቻይና ገበያ የወጡና በውስጣቸው ከአርኤክስ 570 ጋር እኩል የሆኑ ናቸው፤ የትክክለኛው 580 የማቀናበሪያ ክፍሎች ብዛት ግን 2304 ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ሄደው «ሼደርስ» የሚለውን ቁጥር ሻጩ ፊት ቢያዩት ወዲያው ይለያል። ይኸው ፕሮግራም የአሮጌ ካርድ ባዮስ (የካርዱን ማንነት ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡትንም የሐሰት መሆናቸውን ይናገራል።

ከዚህ ትውልድ ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፈርባቸው (ማይኒንግ ሲሠራባቸው) የኖሩ መሆናቸውንም ያስቡ። ያ ሥራ በመስከረም 2022 ሲቀር በገፍ ወደ ገበያ ወጥተዋል። የተቆፈረበት ካርድ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ማራገቢያውና የሜሞሪው የሙቀት ማስተላለፊያ ፓድ ግን ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር የቢትኮይን ማዕከላት ለዚሁ ሥራ ብቻ በተሠሩ ማሽኖች የሚጠቀሙ ስለሆኑ፣ «ከማይኒንግ ድርጅት የወጣ ካርድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ካርዱ ከሌላ አገር መጥቷል ማለት ነው። የድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ጉዳይም አለ። ኤኤምዲ ለ580 የሚሰጠውን ድጋፍ ከ2023 ጀምሮ ቀንሷል፤ ኤንቪዲያም ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል። ያገለገለ ካርድ ሲፈልጉ ከእነዚህ በኋላ የወጡትን ብቻ ይመልከቱ።

ስለ ፕሮሰሰሩ፦ አይ5-8500 ስድስት ኮር አለው። በእርስዎ 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ አብዛኞቹን ጌሞች 60 ፍሬም ለማስያዝ ይችላል፤ ሰፋፊ ከተማ ያላቸው አዳዲስ ጌሞች ላይ ግን ይደክማል። ካርዱን ከገጠሙ በኋላ ማን እንደሚጎትት ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የምስሉን ጥራት ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ፍሬሙ ካልጨመረ የሚጎትተው ፕሮሰሰሩ ነው።

ፍሬም ጀነሬሽን በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል የተሠራ ምስል ያስገባል እንጂ ጌሙ ለእጅዎ የሚሰጠውን ምላሽ አያፈጥንም። ደህና የሚሆነውም አስቀድሞ ወደ 60 የሚጠጋ እውነተኛ ፍሬም ሲኖር ነው፤ ያን ያህል ካለዎት ደግሞ በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ አያስፈልግዎትም። በ2025 ጥር ኤንቪዲያ 549 ዶላር የሚሸጠው 5070 ካርድ የቀድሞውን ትውልድ ቁንጮ የ4090ን አቅም ይሰጣል ብሎ ሲያውጅ ያሰበው በዚህ ዘዴ የተቆጠረ ፍሬም ነበር። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ገንዘብዎን አይመድቡ።

የሲልቨር ስፕሪንጉን ሰው ሐሳብ በተመለከተ፣ ካርዱ ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር ይዛወራል ያሉት ልክ ነው፤ በዚህ ረገድ 30 ሺህ ያልኩት ኮምፒውተሩን ፈጽሞ መንካት ለማይፈልግ ሰው ነው። ነገር ግን ካርዱ በ55 ሺህ 500 ካለቀ የቀረው 34 ሺህ 500 ነው። ከዚያ ላይ ፓወር ሰፕላዩ፣ መቀየሪያ ኬብሉ፣ ምናልባትም ሳጥኑ ይነሳል። በዚያ ላይ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆኑ መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልግዎታል፤ 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ በተግባር የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች በመሆኑ ትልቁን ካርድ፣ ፕሮሰሰሩንና ሞኒተሩን አንድ ላይ ሲይዝ ብዙ ትርፍ አይኖረውም። እነዚህን ሁሉ ደምረው ከ90 ሺህ ካላለፈ ይግዙት፤ ካለፈ ግን ካርዱን ያንሱ እንጂ ፓወር ሰፕላዩን አያርክሱ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

በዚህ እስማማለሁ። ድምሩ ካለፈብዎ በ299 ዶላር የወጣውን ባለ 8 ጊጋባይቱን ይዩ፤ በ1080ፒ የምስሉን ጥራት ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ዝቅ ካደረጉ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዎታል፤ ያውም ያው አሥራ ስድስት መስመር አለው። 16ቱን ያስቀደምኩት ለብዙ ዓመት ስለሚያስቡ ነው።

ሌላው ሊሰላ የሚገባው ዋስትና ነው። እዚህ የሚሸጡት ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ዓመት ዋስትና አላቸው፤ ካርዱ አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ግን ወደዚህ መመለስ ስላለበት ዋስትናው በተግባር የለም ብለው ይቁጠሩት። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ ካርዱን በመነሻው ቀን ዋዜማ ገዝቶ በሻንጣ እንዳይከተው። ሮክቪል ማይክሮ ሴንተር ለሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፤ ቀደም ብሎ ገዝቶ ኮምፒውተር ባለው ወዳጅ ዘንድ ይሰካውና ጥቂት ሰዓት ከባድ ጌም ያጫውተው፤ ችግር ካለ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይቀይረዋል። የግዢውን ደረሰኝ ከካርዱ ጋር ይያዝ፤ ጉምሩክ ላይ ዋጋው ስንት ነው ሲባል በግምት ከሚተመንበት ደረሰኙን ቢያሳይ ይሻለዋል።

የካ_ተጫዋች

ዛሬ ሳጥኑን ከፍቼ ለካሁ፤ ከሃርድ ዲስኩ መያዣ እስከ ኋላው ግድግዳ ያለው ቦታ ሦስት ማራገቢያ ላለው ካርድ አይበቃም፤ ሁለት ማራገቢያ ያለው አጭሩ ዓይነት ግን ይገባል። የሰፈሬ መብራት በሳምንት ብዙ ጊዜ ስለሚዋዥቅ ዩፒኤሱን አልተውም። ስለዚህ ለካርዱ ጣሪያዬን 50 ሺህ ብር ላይ አድርጌአለሁ። የአክስቴ ልጅ ባለ 8 ጊጋባይቱን 9060 ኤክስቲ፣ አጭሩን፣ በዚያ ዋጋ ካገኘ ያመጣልኛል፤ ካላገኘ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን አምጥቶ ቀሪው ገንዘብ ለሌላ ኮምፒውተር ይቆያል። ለጥገና ቤት ባለሙያው፦ የዴሉን መቀየሪያ ኬብል እርስዎ ዘንድ ማግኘት ይቻላል?

ጥገና_ቤት

ይቻላል። የማዘርቦርዱን ሶኬት ፎቶ አንስተው በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ የፒኑ ብዛት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ሳላይ አልሸጥልዎትም።